ጠጅ ሣሩን የሰፋው ማን ነው?

እናቴ ሰውን ፊት ለፊት ወቅሳ አታውቅም። ቅሬታዋን የምታሰማው ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ለግድግዳው ነው። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ግድግዳው ስስ ነው፤ መልእክቱ ለባለቤቱ ሳይደርስ አይቀርም። እኔ ጠበቃ ነኝ። እዚሁ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከሌላ ጠበቃ ጋር የተጋራኋት ጠባብ ቢሮ አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲካሰስ እሰማለሁ። እንደ እናቴ ያለ ከሳሽ ግን አላጋጠመኝም። ክስ አላት፣ ተከሳሽ አላት፣ ፍርዱንም ቀድማ ጨርሳዋለች፤ የሚጎድላት ማስረጃ ብቻ ነው።

የዚያን ሰሞን ክስ ያስነሳው በራችን ላይ የሚቀመጠው ጠጅ ሣር ነው።

እናቴና የበር ለበር ጎረቤታችን ጌጃ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ያረጁ ናቸው። እናቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ጎረቤታችን ደግሞ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው፤ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የእሳቸውን የእጅ ሥራ ለብሳ ነው የተዳረችው። እኔን ያሳደጉኝ ሁለቱም ናቸው። አንዷ ስትቆጣኝ ወደ ሌላዋ እሸሽ ነበር፤ እዚያም ቁጣው ቀድሞኝ ደርሶ ይጠብቀኛል። ግቢው ለልማት ሲፈርስ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ለእነሱ ግን ልደታ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች ደረሷቸው። እናቴ ይህ የማርያም ሥራ ነው ትላለች። እኔም በዚህ ጉዳይ አልከራከራትም።

ከግቢው ስንወጣ እናቴ ቁም ሣጥኑን፣ አልጋውንና እኔን ትታ ያቀፈችው አንድ የቀለም ባልዲ ነበር። ባልዲው ውስጥ ከአጥር ሥር ነቅላ የተከለችው ጠጅ ሣር አለ። የሚኒባሱ ረዳት “እማማ፣ ይኼ እኮ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል” ቢላት “አዎ፣ ሰው ነው” አለችው። ረዳቱም ቦታ ለቀቀለት። እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያት ሰው አለመከራከሩን ቶሎ ይማራል።

ይህ ጠጅ ሣር የራሱ ሕግ አለው። ባለቤቷ እናቴ ናት፤ ግን ሻይ የጣደ ጎረቤት ሁሉ ሳይጠይቅ ይቆርጣል። ጌጃ ሰፈር እንደዚያ ነበር። “ልቁረጥ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ተቀይሟል። ልደታ ስንገባም ሕጉ አብሮን ገባ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው ይወጣሉ፤ ከባልዲው አንዲት ቅጠል ይይዛሉ። እናቴ ከውስጥ ሆና “ከሥሩ ቁረጪው እንጂ አናቱን አትበጥሺው!” ትላለች። እሳቸው “እሺ” ይሉና አናቱን በጥሰው ይገባሉ። የሁለቱ የጠዋት ሰላምታ ይኼው ነበር። ደህና አደርሽ ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመለስ ነገር ተበላሸ። የጠጅ ሣሩ ቅጠሎች ጠርዝ ጠርዛቸው ተሸራርፎ መታየት ጀመረ። እናቴ መጀመሪያ ውሃ ጨመረችለት። ቀጥሎ ግን ባልዲው ሥር ጥቁር አዝሙድ የሚያካክል፣ ምንነቱ የማይታወቅ ፍርፋሪ አገኘች፤ ጠረገችው፣ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ደግሞ የባሰው ታየ። አንድ ረጅም ቅጠል ርዝመቱን ተከትሎ ለሁለት ታጥፎ፣ ጠርዝና ጠርዙ በነጭ ክር ተሰፍቶ ተገኘ።

ስፌት! በዚህ ፎቅ ላይ መርፌ የምታውቅ ሴት አንዲት ብቻ ናት።

አሁን በሌላ አገር ያለች ሴት ቅጠሏ ተበልቶ ብታገኝ “ትል ገባበት” ትል ይሆናል። እናቴ ግን ጌጃ ሰፈር ያረጀች ሴት ናት። የተሸራረፈ ቅጠል፣ የተበተነ ጥቁር ነገር፣ በነጭ ክር የተሰፋ ሣር፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ መተት መሆኑን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ጠዋት ባለቀ ነበር። ግን እንዴት ብላ ትጠይቅ? እዚያ ግቢ ቅጠል የሚቆርጥ ሰው አይጠይቅም፤ የተቆረጠበትም አይጠይቅም። ስለዚህ ኮሪደር ወጥታ ለግድግዳው ነገረችው።

“ዘንድሮማ ሥራ የፈታ መርፌ በዛ! ጨርቅ ቢያጣ ሣር ይሰፋል!”

በማግሥቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

“እንደምን አደርሽ” አሉ። “አንድ ቅጠል ብቆርጥ ትፈቅጂልኛለሽ?”

እናቴ በሩን እንደያዘች ቀረች። “ቁረጪ” አለች በቀጭን ድምፅ። ጎረቤታችንም ሳይቆርጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በዚያች ጥያቄ ጦርነት ታወጀ። እኔ ቢሮ ውስጥ ሰው ሲሰዳደብ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ጨዋ ጥያቄ የሚያም ስድብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ጸጥ አለ። አንዷ በር ስትከፍት ሌላዋ ትዘጋለች። እናቴ የልደታ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥታ ባልዲው ላይ ረጨች። ጠጅ ሣሩ ደስ ብሎት አደገ። የሚበላውም ነገር አብሮ ደስ አለው፤ የተሰፉት ቅጠሎች በረከቱ።

እኔ ነገሩን በሳቅ ይዤው ነበር፤ አንድ ቀን ማታ ደረጃው ላይ የጎረቤታችንን ልጅ እስካገኘው ድረስ። አብረን ያደግን ነን፤ አሁን አያት ሰፈር ነው የሚኖረው፣ የከተማው ሌላኛው ጫፍ። እናቱን ወደ ቤቱ ለመውሰድ ዓመታት ለምኗል፤ እሳቸውም ዓመታት “ጎረቤቴን ትቼ የት እሄዳለሁ” ብለውታል።

“በመጨረሻ እሺ አለችኝ እኮ!” አለኝ ፊቱ በርቶ። “ከገና በፊት እወስዳታለሁ።”

እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ አፌ ብቻ ነው ያለው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። “ትሂድ፣ ይቅናት” አለችና መልቀሟን ቀጠለች። እጇን አየሁት። ጠጠሩን ሳህኑ ላይ እየተወች ምስሩን ነበር የምትጥለው።

ፈራሁ። እናቴ ልደታ ከገባች ወዲህ ሌላ ወዳጅ አላፈራችም፤ አልሞከረችምም። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። ያ በር ከተዘጋ ቀኑን ሙሉ የሚቀራት ግድግዳው ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በነጻ ጥብቅና ያዝኩት። ደንበኛዬ ማን እንደሆነች ግን ለራሴም ግልጽ አልነበረም፤ ከሳሿም ተከሳሿም እናቶቼ ናቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንጀሉ በተፈጸመበት ቦታ ተንበረከክሁ። አንዱን የተሰፋ ቅጠል ይዤ ሳየው ክሩ ክር አይደለም፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ነው። በጥፍሬ ፈታሁት። ውስጡ ቅጠሉን ራሱን የመሰለ አረንጓዴ፣ ቀጭን ትል ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ብቻ ከሌላ ትል የተዋሰው ይመስል ትልቅ ነው። ጮህኩ። ለጠበቃ የማይመጥን ጩኸት ነበር፤ እናቴ በሩጫ ወጣች።

“ይኸው ሌባሽ!” አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ረጅም ጊዜ አየችው።

“ትል መስፋት ከየት ይማራል?” አለች። “እሷ ሰፋችው፤ እሱ ደግሞ የተሠራ ቤት ሲያገኝ ገባበት። እኛስ የገባነው እንደዚሁ አይደል?”

በዚህ ላይ ይግባኝ አይባልም። ትሉን እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበረብኝ። የማር ብልቃጥ አጥቤ፣ ትሉን ከነቅጠሉ ጨምሬ፣ አፉን በሻሽ ቁራጭና በላስቲክ አሰርኩና ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት። ቀን ቀን ተጠቅልሎ ይተኛል። ሲመሻሽ ግን ከጥቅሉ ወጥቶ የቅጠሉን ጠርዝ እየከረከመ ይበላል፤ ጥርሱ የመቀስ ያህል ይቆርጣል። አዲስ ቅጠል ስሰጠው ደግሞ ያ ትልቅ ጭንቅላት ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ መሄድ ይጀምራል። ከአፉ የማይታይ ክር እየሳበ፣ አንዱን ጠርዝ ከሌላው እያያያዘ፣ ቅጠሉን ቀስ በቀስ ያጥፈዋል። እናቴ ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ ፊት አንስታ ፍሪጁ ፊት አደረገችው። ድራማዋ ስንት ክፍል እንዳለፋት እሷም አታውቅም።

“ይኼኛው ያውቃል” አለች በመጨረሻ፣ ያስጨነቋት ምስክር መስላ። “የዚያን ጊዜውን ማን እንደሰፋው ግን ምን ይታወቃል?”

ጥቁር አዝሙዱም ተፈታ። ትሉ ቤቱን ማቆሸሽ የማይወድ ፍጡር ነው፤ ጉዳዩ ሲመጣ የኋላውን ወደ ጥቅሉ ደጅ ያወጣና ይተኩሰዋል። ጠብ አያደርገውም፣ ይተኩሰዋል! ፍርፋሪው የብልቃጡን ግድግዳ ሲመታ ጢቅ ይላል። እናቴ ይህን ስታይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያች የጎረቤታችን ጥያቄ ወዲህ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር፤ ደስ አለኝ፤ ትሉን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ችግሩ ትሉ ይበላል። አንድ ጠዋት መቀስ ይዤ ከባልዲው ቅጠል ሳጭድ የጎረቤታችን በር ተከፈተ። እሳቸው እኔን አዩ፣ መቀሱን አዩ፣ እጄ ላይ ያለውን ነዶ አዩ። “እትዬ፣ ለትል ነው” ልል አፌን ከፈትኩ። ሰው እንዲህ ብሎ ይመልሳል? አፌን ዘጋሁ። እሳቸውም በራቸውን ዘጉ።

ከዚያ ትሉ መብላት አቆመ። ቆዳውን ጥሎ፣ አንድ ጫፉ የሾለ፣ ትንሽ ቃሪያ የሚመስል ነገር ሆኖ ቅጠሉ ውስጥ ተለጠፈ። አይንቀሳቀስም። እናቴ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች ታየዋለች።

“ሞተ አይደል?”

“አልሞተም፤ ሌላ ቀጠሮ ሰጥቶን ነው” አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ኮሪደሩ ላይ ካርቶኖች መደርደር ጀመሩ። የእትዬ የጥልፍ ክሮች፣ ድስቶች፣ የታሰረ ፍራሽ። እናቴ ወደ ቆሻሻ መጣያ ስትሄድ በካርቶኖቹ መሃል ሳትነካቸው ታልፋለች። ገናው እየቀረበ፣ ቃሪያው እንደተኛ ነው። በፍርሃቴ ላይ ንዴት ተጨመረበት፤ ሁለት አሮጊቶች ዕድሜ ልክ አብረው ኖረው አንዲት ጥያቄ መጠየቅ እንዴት ያቅታቸዋል?

ቅዳሜ ጠዋት የዕቃ መኪና ታች ቆመ። ልጃቸው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል። እኔ ክፍሌ ነበርኩ፤ እናቴ ከማድቤት ጮኸች።

“ነይ! ነይ! ትሉ ተነሳ!”

ብልቃጡ ውስጥ የሻሹን ጫፍ ይዞ የቆመ ትንሽ ቡናማ ነገር አለ።

“ይኼን ነው ስቀልብ የከረምኩት?” አለች እናቴ። ብርቱካናማ ወይ ሰማያዊ ነገር ነበር የጠበቀችው። “ይኼማ የእሳት እራት ነው።”

እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር፤ ግን ስልኬን አውጥቼ ማመሳከር ጀመርኩ። የእሳት እራት አንቴናው ወይ ላባ ይመስላል ወይ እስከ ጫፉ ቀጭን ነው፤ የዚህ ግን ጫፉ ወፈር ብሎ እንደ ዳንቴል መርፌ ተቆልምሟል። ሰውነቱ ደልደል ያለ፣ ዓይኑ ፈጠጥ ያለ ነው። የፊት ክንፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት። ክንፉ ደርቆ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ የፊተኞቹን ገርበብ አድርጎ አቆማቸው፣ የኋለኞቹን ዘረጋቸው፤ ሊነሳ ያቆበቆበ ትንሽ አውሮፕላን ሆነ። ቢራቢሮ ነው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ዘላይ እንደ ማለት ከሆነው ቤተሰብ። ከዚያ ማለፍ አልቻልኩም። ስልኩ ብዙ ስም ደረደረልኝ፤ ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ሣር በል። የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው በዓይን ብቻ አይለዩአቸውም ይላል። የአማርኛ ስሙን ፈልጌ አጣሁ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት በር ስዘጋ ባልዲው አጠገብ የሚወረወር ቡናማ ነገር አይ ነበር። አይንሳፈፍም፤ እንደ ወረወሩት ጠጠር ነው። እልም ይልና ተመልሶ እዚያው ቅጠል ላይ ይቀመጣል። ትልቅ ዝንብ መስሎኝ በፋይል እያባረርኩ ወደ ሥራ እሄድ ነበር። ለካ የትሉ እናት ኖራለች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በዓይናችን ፊት፣ በየቅጠሉ አንድ አንድ እንቁላል ታስቀምጥ የነበረች።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳብራራላት እሷ እኔን አልነበረም የምትሰማው። ውጭ ካርቶን ሲጎተት ነበር የምትሰማው። ነጠላዋን አነሳች፣ ብልቃጡን በሁለት እጇ ያዘች፣ ኮሪደሩን ተሻገረች። ከኋላዋ ተከተልኩ። ግድግዳው እዚያው አለ፤ አላየችውም። በሩን አንኳኳች።

ጎረቤታችን ከፈቱ። የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰዋል።

“ሌባው ተያዘ” አለች እናቴ።

“እኔ አልነበርኩም እንዴ ሌባዋ?”

“አልነበርሽም።”

እናቴ ይቅርታ ስትጠይቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ብልቃጡን ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እኔ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁ፤ ስፌቱን፣ ድሩን፣ አተኳኮሱን። ሰምተው ሲጨርሱ ብልቃጡን ለእናቴ መልሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘዋል። ጣሳው ውስጥ ጠጅ ሣር አለ፤ ቅጠሉ ተሸራርፏል፣ ታጥፏል፣ ተሰፍቷል።

“የኔንም ሰፍቶታል” አሉ። “እኔ ደግሞ ጠዋት በሬን ከፍቼ በምገባበት በምወጣበት መሃል አንቺ ገብተሽ ሰፍተሽው መስሎኝ!”

“እኔ? ቁልፍ እንኳን መትከል የማልችለውን?”

“ለዚያ ነዋ አንቺ ነሽ ያልኩት! እይው እስቲ፤ ይህ ስፌት ነው? የተማረ ሰው እንዲህ ይሰፋል?”

እናቴ ግን ስፌቱን አልነበረም የምታየው። ጣሳውን ነበር።

“ጠጅ ሣር ነበረሽ?”

“ከግቢው ስንወጣ እኔም ነቅዬ ነበር። በረንዳዬ ላይ፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ነው ያለው፤ ከመጣን ጀምሮ።”

“እና ሁልጊዜ የኔን የምትቆርጪው ምን ሆነሽ ነው?”

ጎረቤታችን እንደ ሞኝ አዩዋት።

“ካንቺ ካልቆረጥኩ ጠዋት ጠዋት በርሽ ላይ ምን ብዬ ልቁም?”

እናቴ የሻሹን ላስቲክ ፈታች። ቢራቢሮው አንድ ጊዜ ቆም አለና ተወረወረ። ወደ ደረጃው ሄደ፣ ካርቶኖቹን ዞረ፣ ተመልሶ የቀለም ባልዲው ላይ፣ ፀሐይ ባረፈባት ቅጠል ጫፍ ተቀመጠ።

“ከጌጃ ሰፈር ነው የመጣው፤ ጠጅ ሣሩን ተከትሎ” አለች እናቴ። ይህን በማስረጃ ማረጋገጥ አልችልም፤ አልተቃወምኩም ግን። “እሱም እንደኛ የልማት ተነሺ ነው።”

“ምትክ ቤቱን ራሱ ሰፍቶ ገባ በያ” አሉ ጎረቤታችን።

እንግዲህ ስሙ ቤታችን ውስጥ ተነሺው ሆኖ ቀረ። በላቲን የሚያውቁት ካሉ ይቅር ይበሉን።

ልጃቸው የመጨረሻውን ካርቶን አንስቶ ሲዞር እናቱን ኮሪደሩ መሃል ቆመው አገኛቸው። “እማዬ፣ እንሂድ እንጂ፤ ሹፌሩ እየጠበቀን ነው።”

“ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቀው” አሉት።

ልጁ እሳቸውን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ እኔን፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ያነሳውን ካርቶን በቦታው መልሶ አስቀመጠው።

ጎረቤታችን ወደ ባልዲው ሄዱ። የራሳቸውን ጣሳ መሬት ላይ ትተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ተነሺው ያላረፈበትን አንድ ረጅም ቅጠል ያዙና አናቱን በጠሱት።

“ከሥሩ ቁረጪው አላልኩሽም!” አለች እናቴ።

“እሺ” አሉ እሳቸው፤ ሌላም አናት በጠሱ።